የትርፌ ሳይክልና የጋሽ ኤርካሎ ድንኳን

ትርፌ ሰው ሲሞት የምትናገር ሴት ናት። ወላይታ ሶዶ ውስጥ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ቁልቁል በተዘረጋው ሰፈር መቶ አርባ ቤት ያለው ዕድር አለ፤ የዚያ ዕድር ለፋፊ እሷ ናት። ጥሩምባዋን ይዛ ከቤቷ ስትወጣ ሰው ሁሉ የያዘውን ያስቀምጣል። ከእሷ በፊት ለፋፊው ባሏ ነበር። እሱ ሲሞት "ማን ይለፍፍ?" ተባለ። ጥሩምባው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበርና ራሷ አውርዳው ወጣች፤ የገዛ ባሏን ሞት ራሷ ለፈፈች። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ሴት እንዴት ለፋፊ ትሆናለች ያለ አልነበረም። ቢልም ሥራውን የሚፈልግ ሌላ ሰው አልተገኘም።

ትምህርቷን ያቆመችው ከአራተኛ ክፍል ነው። ቢሆንም የመቶ አርባውን ቤት ሰው በስም ታውቃለች፤ ጆሮው የማይሰማው ማን እንደሆነ፣ ድንገተኛ ነገር የማይችል ልብ ያለው ማን እንደሆነ፣ ለማን ቀስ ተብሎ እንደሚነገርና ለማን ከበር ላይ ጮክ ተብሎ እንደሚነገር ሁሉ በቃሏ ነው። የቸገራት ጉልበቷ ነው። ሰፈሩ ዳገት ነው፤ ታች ያለው ቤትና ላይ ያለው ቤት የሚተያዩት አንዱ አንገቱን ቀና፣ ሌላው አንገቱን ደፋ አድርጎ ነው። አርባ ሰባት ዓመት ሲሞላት ቀኝ ጉልበቷ እንደ አሮጌ በር መንጫጫት ጀመረ፤ ድሮ በአንድ ሰዓት ተኩል የምትጨርሰውን ዙር በሦስት ሰዓት መጨረስ አቃታት። አንድ ጊዜ ታች ሰፈር ያሉት ሰዎች ቀብር ደርሰው ሲመለሱ ላይ ሰፈር ያሉት ገና መርዶውን እየሰሙ ነበር።

በጊፋታ፣ በወላይታ አዲስ ዓመት ሰሞን፣ ዝናቡ አባርቶ ሰው ሁሉ ደስ ባለው ጊዜ፣ ዕድሩ ተሰበሰበ። ጸሐፊው ኤልሳዕ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ጨዋ ልጅ። ተነሥቶ እንዲህ አለ፦

"እትዬ ትርፌን ሁላችንም እናከብራታለን። ግን ዘመኑ የስልክ ነው። ግሩፕ ከፍተናል። አንዴ ከተጫነ ለሁሉም እኩል ይደርሳል።"

"ስልክ የሌለንስ?" አሉ አንዲት እናት።

"ጎረቤትዎ ያነብልዎታል።"

"ጎረቤቴ ጋር ተኳርፈናል።"

ስብሰባው ሳቀ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቁም፤ ሲያስቡ ቆይተው የዕድሩ መጋዘን ውስጥ ያለው ሳይክል ትዝ አላቸው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ የዕድሩ አባል ወደ ሌላ አገር ሲቀየር ከድንኳኖቹና ከወንበሮቹ ጎን ትቶት የሄደ አረንጓዴ ሳይክል ነው።

"አንድ ወር እንስጣት" አሉ። "በሳይክሉ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም መዞር ከቻለች ለፋፊነቷ ይቀጥላል። ካልቻለች በስልክ ይሁን። ትርፌ፣ ምን ትያለሽ?"

ትርፌ በሕይወቷ ሳይክል ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ግን ስብሰባ ላይ ስትጠየቅ ሁልጊዜ የምትመልሰው አንድ ቃል ነው።

"እሺ" አለች።

ሳይክሉን እየገፋች ገበያው አጠገብ ወዳለው ወደ ጦና ሱቅ ወሰደችው። ጦና ሳይክል ይጠግናል። እሱም የዕድሩ አባል ነው፤ ዕድሜው ከእሷ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ሲስቅ ሆዱ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሳይክሉን ዙሪያውን አይቶ ከጎማው ውስጥ የደረቀውን ካላማዳሪያ ለወጠ፤ ሰንሰለቱን በዘይት አራሰ፤ ኮርቻውን ዝቅ አደረገላት። ከዚያ እሷን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

"ስንት ነገር አለብሽ! ቀሚስ፣ ነጠላ፣ መቀነት። ሳይክል ነው የምትነጂው ወይስ ሙሽራ ልታጅቢ ነው?"

"ሱሪ ከውስጥ ለብሻለሁ።"

"እሱስ ጥሩ። በይ ስሚኝ። መጀመሪያ ማቆም ተማሪ። ፍሬኑ ይኸውልሽ፤ የግራው የፊተኛው ነው፣ የቀኙ የኋለኛው ነው። የፊተኛውን ብቻ ከያዝሽ ከሳይክሉ ቀድመሽ ትደርሻለሽ። መሄዱን አታስቢ፤ መሄዱን ሳይክሉ ራሱ ያውቀዋል።"

ጦና ይህን ያለው ሊያስቃት ነው። ትርፌ ግን እንደ ትእዛዝ ያዘችው።

ሳይክሉን እስከ ሰፈሩ አናት ድረስ ገፍታ ወጣች፤ ተቀመጠችበት፤ እግሯን ከመሬት አነሣች። ሳይክሉ እውነትም ራሱ ሄደ። የመጀመሪያ ቀን ሁለት ጊዜ አጥር ውስጥ ገባች። በሦስተኛው ቀን አጥሩን ማለፍ ቻለች። በሳምንቱ ከላይ እስከ ታች ሳትወድቅ እየወረደች፣ ነፋሱ ፊቷን ሲመታት ከስንት ዓመት በኋላ ድንገት ሳቋ መጣ። ታች ስትደርስ ወርዳ እየገፋች ትመለሳለች፤ እንደገና ትወርዳለች።

አንድ ችግር ግን ነበረ። ለፋፊ ናታ። ስትሮጥ የታየች እንደሆነ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ደወሏን ቅጭል ባደረገች ቁጥር በሮች ይከፈታሉ።

"ማን ነው? ማን ነው የሞተው?"

"ማንም! ልምምድ ነው!"

"እግዚአብሔር ይይልሽ! እኔን ነው የምትገይኝ!"

አንዲት ሴት ንፍሮ ጥዳ ከጨረሰች በኋላ ነው ልምምድ መሆኑን የሰማችው፤ ንፍሮውን ለጎረቤት አድላ ተገላገለች። ትርፌ ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱን የምትወርደው "ልምምድ ነው! ልምምድ ነው! ማንም አልሞተም!" እያለች ሆነ። ጎረቤቷ የትምወርቅ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ይህንን ሰምታ አማተበች፤ "ምን ዓይነት ለፋፊ ነው፣ በሕይወት ያለውን የሚለፍፍ?" አለች።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጦና ሳይክሉን ሊያይላት ተቀበላት። ቸርኬውን አሽከረከረ፤ ፍሬኑን ሞከረ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

"ትርፌ።"

"ምን?"

"የጫማሽ ሶል አልቋል። ፔዳሉ ግን ልክ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ይህን ነገር ረግጠሽው ታውቂያለሽ?"

"እግሬን አስቀምጥበታለሁ።"

"ማስቀመጥ አላልኩሽም። መርገጥ! እንዲህ፣ ዙሪያውን!"

"ለምን እረግጠዋለሁ? ይሄዳል እኮ።"

ጦና መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሆዱ መንቀሳቀስ ጀመረ።

"ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁልቁል ብቻ ነው የሄድሽው?"

"ዳገቱን እገፋዋለሁ።"

"ታዲያ ምኑን ሳይክል ነዳሽ? ድንጋይም ከዳሞታ ይንከባለላል!"

ትርፌ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። እሑድ ስብሰባ አለ። ሊቀመንበሩ "ዳገቱንም ቁልቁለቱንም" ነው ያሉት። ደግሞ መሸነፏን ለመቀበል ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም፤ በሕይወቷ ብዙ ነገር "እሺ" ብላ ትታለች፤ ትምህርቱንም እንዲሁ ነው የተወችው።

"በቃ ይቅር" አለች። "በስልክ ያድርጉት።"

"ዝም በይ። ማርሹ ስንት ላይ ነው?"

መሪው ላይ ቁጥር ያለባት ትንሽ ማንሻ አለች። "ሰባት" አለች።

"ለምን ሰባት?"

"ሰባት ይበልጣል ብዬ ነዋ።"

"ሰባት ለቁልቁለት ነው። ለዳገት አንድ ነው፤ እግርሽ ብዙ ይዞራል፣ ሳይክሉ ትንሽ ይሄዳል፣ ግን ይወጣል።"

"አንድ?" ፊቷ ተኮማተረ። "በዚህ ዕድሜዬ ወደ አንደኛ ክፍል ልመለስ?"

"ተመለሽ። አራተኛን የምታልፊው እንዲያ ነው።"

ኮርቻውን በሁለት ጣት ከፍ አደረገላት፤ ጉልበት የሚያመው ሰው ዝቅ ብሎ ሲረግጥ ይብስበታል አላት። ስትሞክር እግሯ መሬት ስለማይደርስላት ጮኸች። እንደገና ስትሞክር ደግሞ የነጠላዋ ጥለት ሰንሰለቱ ውስጥ ገባና ጥቁር ዘይት ጠጣ። ጦና በመቀስ አላቅቆ፣

"ጥለቱን ወደ ላይ አድርጊው፣ አንገትሽ ጋር። ታች ካንጠለጠልሽው ሰንሰለቱ ይበላዋል" አላት።

ትርፌ ነጠላዋን ገልብጣ ጥለቱን ትከሻዋ ላይ አደረገችው። ሰንሰለቱ ነጻ ሆነ። ሁለቱም ሰንሰለቱን ነበር የሚያዩት። ነጠላ እንዲህ ተዘቅዝቆ የሚለበሰው ለኀዘን መሆኑን ለጊዜው ሁለቱም ረሱት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ስብሰባው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ትርፌ ሳይክሉን ገፍታ ወደ ሰፈሩ አናት ወጣች። እዚያ የጋሽ ኤርካሎ ቤት አለ፤ ከበሩ ፊት ለፊት ሃምሳ እርምጃ ያህል ሜዳ አለ። ጋሽ ኤርካሎ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ልባቸው ደካማ ነው፤ ሐኪሙ "አይደንግጡ" ብሏቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ "እናንተም አታስደንግጡኝ" ብለው ሰፈሩን አስጠንቅቀዋል። ከክረምቱ ወዲህ ከግቢያቸው አልወጡም። ስለዚህ ሰው ሁሉ፣ ትርፌም ጭምር፣ ዛሬ ነገ ይሞታሉ ሲል ነበር።

ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ፣ ማርሹን አንድ ላይ አድርጋ፣ ረገጠች። አንድ ዙር። ሁለት። አምስት። ሳይክሉ ማንም ሳይገፋው፣ ቁልቁለትም ሳይኖር፣ በእሷ እግር ሄደ። አሥረኛው ዙር ላይ በደስታ እግሯን አየች፤ እግሯን ስታይ በሩን አላየችም።

የጋሽ ኤርካሎ የቆርቆሮ በር እንደ ከበሮ ጮኸ። ትርፌ ወደቀች፤ ቀኝ ጉልበቷ ድንጋይ ላይ አረፈ።

"ማነው በሬን የሚመታው?" አሉ ጋሽ ኤርካሎ ከውስጥ።

"እኔ ነኝ ጋሼ! ፍሬን አልያዝኩም!"

"በሚቀጥለው ያዢ!"

በሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና "ወይኔ! ወይኔ! ወይኔ ጉልበቴ!" እያለች ተወዛወዘች። ሕመሙ እንባዋን አወረደው። ሲበርድላት ተነሣች። የፍሬኑ እጀታ ተጣሟል። በዋናው መንገድ ኮብልስቶን እየተነጠፈ ስለሆነ ድንጋይ ተከምሮበታል፤ ስለዚህ በጓሮው አቋራጭ ሳይክሉን እየገፋች ወደ ጦና ወረደች። ማንንም አላገኘችም።

ጦና እጀታውን እያቃና እሷ በኩራት ታወራለች። "አሥር ዙር! በገዛ እግሬ! ቁልቁለት የለም፣ ምንም የለም!" በዚህ መሐል የጦና ስልክ ጮኸ። አነበበ። ቀና ብሎ አያት። ደግሞ አነበበ።

"አንቺ ሴት፣ እዚህ ተቀምጠሽ ስለ ፔዳል ታወሪያለሽ? ጋሽ ኤርካሎ ሞቱ እኮ!"

"ማን አለ?"

"ግሩፑ። ኤልሳዕ ነው የጻፈው። 'የዕድራችን አባል አቶ ኤርካሎ ማረፋቸውን በታላቅ ኀዘን...'"

ትርፌ ስልኩን ተቀበለች። ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። አልቅሳ የማትጠግብ ሴት ናት፤ ግን አሁን እንባም አልመጣላትም። አሁን፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት፣ "በሚቀጥለው ያዢ" ብለዋታል። በራቸው ላይ ተቀምጣ ስለ ጉልበቷ ስትጮህ እሳቸው ከውስጥ ነፍሳቸው እየወጣች ነበር። ወይም በሩ ሲጮህ ደንግጠው ነው። እሷ ናት የገደለቻቸው። ስልኩ ደግሞ ቀድሟታል። ለፋፊዋ ገበያ መሐል ቆማ ከስልክ መርዶ ሰማች።

"በቃ" አለች ቀስ ብላ። "በስልክ ያድርጉት። ልክ ነበሩ።"

ያን ጊዜ የትምወርቅ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ለንፍሮ የሚሆን በቆሎ ልትገዛ እየተጣደፈች ስትመጣ አየቻት። የትምወርቅ እንዳየቻት ደረቷን መታች።

"ትርፌ! ወይ አባታችን! ወይ ጋሽ ኤርካሎ!"

ትርፌም አቀፈቻት። ሁለቱ ተያይዘው አለቀሱ። ጦናም ባርኔጣውን አወለቀ።

"መቼ ሞቱ?" አለች ትርፌ በእንባ መሐል።

የትምወርቅ እቅፏን ለቃ አየቻት። "እንዴት መቼ ትይኛለሽ?"

"ማን ነገረሽ?"

"አንቺ!"

"እኔ?"

"አንቺ ነሻ! በዓይኔ አየሁሽ! ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ፣ በራቸው ሥር ተቀምጠሽ፣ እጅሽን ራስሽ ላይ አድርገሽ 'ወይኔ! ወይኔ!' ስትይ። ለፋፊ እንዲያ ስታለቅስ ሌላ ምን ልበል? ሮጬ ለመምህር ኤልሳዕ ነገርኩት።"

ትርፌ ትከሻዋን ተመለከተች። ጥለቱ አንገቷ ሥር ነው። ቀስ ብላ ወደ ጦና ዞረች።

"እኔን አትዪኝ" አለ ጦና። "እኔ የማውቀው ሰንሰለት ነው።"

ለኤልሳዕ ደወሉለት። ኤልሳዕም "አሁኑኑ አስተካክላለሁ" አለ። ወዲያው "ይቅርታ፣ አቶ ኤርካሎ በሕይወት አሉ" የሚል መልእክት መጣ። ነገሩ ባሰበት። ሰው የሞተበትን በድንገት አይነግሩትም፤ "ትንሽ አሟቸዋል"፣ "ደኅና ናቸው"፣ "ሐኪም ቤት ወስደናቸዋል" እያሉ ነው የሚያቀርቡት። ስለዚህ መልእክቱን ያነበበ ሁሉ፣ በዴሳ ከተማ ያለችው የጋሽ ኤርካሎ እህት እንዳትደነግጥ መርዶውን እየደበቁላት ነው ብሎ አመነ። ኤልሳዕ ለእህትየው ራሱ ደውሎ "ወንድምሽ ደኅና ናቸው" ሲላት የጮኸችው ጩኸት ከስልኩ አልፎ መንገዱን ሞላው። ከዘመድ ጋር ሚኒባስ ይዛ መንገድ ጀምራለች።

"ሰዉስ የት ደረሰ?" አለች ትርፌ።

"ወንዶቹ ድንኳኑን ተሸክመው ዳገቱን ጀምረዋል" አለች የትምወርቅ። "ሴቶቹ ከኋላ ናቸው። በራቸው ላይ ሲደርሱ ነው እሪ የሚባለው።"

ሦስቱም ተያዩ። ልበ ደካማ ሰው ቁጭ ባሉበት ሠላሳ ሰው በራቸው ላይ "እሪ" ብሎ ቢጮህ፣ ያልሞቱት ያን ጊዜ ይሞታሉ። ትርፌም ሰው በመግደል ትባረራለች።

"ባጃጅ!" አለ ጦና።

"መንገዱ ተቆፍሯል። ባጃጅ አያልፍም።"

ጦና የፍሬኑን እጀታ አንድ ጊዜ በመዶሻ መታና ሳይክሉን ወደ እሷ ገፋው። "አንድ ላይ አድርጊው። አንድ! ሰባትን እርሺው!"

ትርፌ ነጠላዋን ከላይዋ አውልቃ ለየትምወርቅ ሰጠቻት። በአደባባይ ያለ ነጠላ ከወጣች ስንት ዓመቷ ነው። ተቀመጠች፤ ረገጠች።

ዳገቱ እንደ ሁልጊዜው ዳገት ነው። ልዩነቱ እግሯ ነው፤ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይዞራል፣ ሳይክሉ ግን እንደ ኤሊ ይሄዳል። አንዲት ቅጠል የተሸከመች አህያ ቀደመቻት። ግን አልቆመችም። ኮብልስቶን የሚነጥፉት ሠራተኞች ክምሩን ትተው አዩዋት።

"እናት! ማን ሞተ?"

"ማንም! ማንም አልሞተም!"

"ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?"

መመለሻ ትንፋሽ አልነበራትም። ጉልበቷ ይጮኻል። ይሁንና ጦና እውነቱን ነው፤ ኮርቻው ከፍ ካለ ወዲህ የሚያመው ያን ያህል አይደለም። በመንገዱ ጠርዝ፣ በድንጋዩ ክምርና በቦዩ መሐል ባለችው ስንዝር መንገድ እየተንገዳገደች ወጣች። ከግማሹ ላይ ሴቶቹን ደረሰችባቸው።

"አልሞቱም! ተመለሱ! አልሞቱም!"

"እናውቃለን እህቴ" አለቻት አንዷ እያለቀሰች። "እህታቸው እስክትመጣ ነው።"

"እውነቴን ነው! እኔ ነኝ የወደቅሁት!"

"አይዞሽ፣ ኀዘን ነው" አለችና ጀርባዋን ዳበሰቻት።

አለፈቻቸው። የድንኳን እንጨት የተሸከሙትን ወንዶች ደረሰችባቸው፤ ከፊታቸው ኤልሳዕ ላቡን እየጠረገ "ተመለሱ እኮ ነው የምለው" ይላል፤ የሚሰማው ግን የለም።

"ዞር በሉ!" ብላ ደወሏን ደወለች። ወንዶቹ ከለፋፊያቸው ይልቅ ሳይክሏን አምነው ዞር አሉ። ኤልሳዕ እግሯን አየ።

"እትዬ ትርፌ፣ ፔዳል... እየረገጥሽ ነው!"

"ኋላ!" አለችው።

ሜዳው ላይ ስትደርስ ፍሬኑን ያዘች፤ የኋለኛውን ነው የያዘችው። በሩን ገፍታ ገባች። ጋሽ ኤርካሎ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው እንደ ድንች ያለው ሥር፣ የተቀቀለ ቦዬ አለ፤ የሚያቃጥለውን ዳጣ እያጠቀሱ ይበላሉ።

ትርፌ ፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቁላት።

"ጋሼ፣ እንዳይደነግጡ። ቀስ ብዬ ነው የምነግርዎት።"

"ማን ሞተ?"

"እርስዎ።"

ጋሽ ኤርካሎ ያኘኩትን ዋጡ። "ማን አለ?"

"እኔ ነኝ አሉ። ተሳስቼ ነው። ነጠላዬን ዘቅዝቄ በርዎ ላይ አለቀስኩ።"

ሽማግሌው ሌላ ቦዬ አነሡ። "አንቺ በአሥራ አንድ ዓመት ዋሽተሽ አታውቂም" አሉ። "ካልሽ ካልሽ እውነት ይሆናል። ቆይ፣ ቦዬዬን ልጨርስ።"

ትርፌ ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ ወጣባት። ጋሽ ኤርካሎም ሳቁ፤ ልባቸው ምንም አልሆነም። ወንዶቹ ድንኳኑን ይዘው በሩ ላይ ሲደርሱ፣ ሴቶቹም እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ሟቹ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ጠበቋቸው።

"አትጩሁ" አሉ። "ሐኪም ከልክሎኛል።"

 ከዚያ አንዷ ሳቀች፤ አንዱ ደገማት፤ ሠላሳው ሰው የድንኳን እንጨት ላይ ተደግፎ እስኪደክመው ሳቀ። ወንዶቹ ድንኳኑን ሊመልሱ ሲሉ ጋሽ ኤርካሎ በዱላቸው መሬቱን መቱ።

"ለማን አመጣችሁት? ለእኔ አይደል? ትከሉት! ዕድሜዬን ሙሉ የሌላ ሰው ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ ኖሬያለሁ፤ ከእንግዲህ የራሴን የማየው መቼ ነው?"

ተተከለ። መሐሉ ላይ ተቀመጡ። ንፍሮውም መጣ። የበዴሳዋ እህታቸው ከአሥራ አንድ ሰው ጋር እያለቀሰች ስትደርስ ወንድሟን ንፍሮ ሲቆረጥሙ አገኘቻቸው። መጀመሪያ አቀፈቻቸው፤ ከዚያ በጥፊ መታቻቸው፤ ከዚያ እንደገና አቀፈቻቸው። "ለቀብሬ ነው የመጣሽው፤ ለጊፋታ ግን አልመጣሽም" አሏት። እንዲህ እየተባባሉ እስከ ማታ ቆዩ።

እሑድ ስብሰባው ተደረገ። ትርፌ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሌሊቱን ሙሉ ቃሏን ስታዘጋጅ አድራለች፤ "ጥሩምባውን ለማን ላስረክብ?" የሚል ነው። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አደረጉ።

"ትናንት አንድ ድንኳን ያለ ቦታው ወጥቷል" አሉ። "ለዚህ ተጠያቂው ማነው?"

ትርፌ ልትነሣ ስትል ኤልሳዕ ቀድሟት ተነሣ። ሸሚዙ የላይኛው ቁልፍ ተከፍቷል።

"እኔ ነኝ" አለ። "ሳላጣራ ጫንኩት። ማስለቀሱ አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ፤ ማስተባበሉን ግን አልቻልኩም፤ ደውዬ ብናገር እንኳ የሚያምነኝ ጠፋ።"

"ትርፌስ?" አሉ ሊቀመንበሩ። "የተሰጣት ወር ዛሬ ያልቃል። ዳገቱን ወጥታለች? ማን አየ?"

ከበሩ በኩል ዱላ ተሰማ። ጋሽ ኤርካሎ ናቸው፤ ከክረምቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግቢያቸው ወጥተው፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው መጥተዋል።

"እኔ አይቻለሁ" አሉ። "እኔ ሟቹ ምስክር ነኝ።"

ከዚህ በኋላ ክርክር አልተደረገም። ሁለት ነገር ተወሰነና በመዝገቡ ተጻፈ። አንደኛ፣ ጸሐፊው በስልክ የሚጽፈው ትርፌ በሟቹ ደጅ ቆማ፣ በጆሮዋ ሰምታ ካረጋገጠች በኋላ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ለፋፊዋ ሳይክል ላይ ነጠላ አትለብስም፤ ልምምድ ከሆነ ቢጫ ሻሽ፣ ሥራ ከሆነ ጥቁር ሻሽ ታስራለች።

"ትርፌ፣ ምን ትያለሽ?"

ያዘጋጀችው ቃል ጠፋባት። "እሺ" አለች።

አሁን በሰፈሩ ደወል ሲሰማ ሰው በሩን ከመክፈቱ በፊት በአጥሩ ቀዳዳ ሻሹን ያያል። ቢጫ ከሆነ ወደ ሥራው ይመለሳል። ጦና ለጥሩምባው የሚሆን ከኋላ መቀመጫ ሠርቶላታል፤ ሄልሜትም ግዢ ይላታል፤ እሷ ግን ከሻሹ ላይ ይሁን ከሥሩ ገና አልወሰነችም። ጉልበቷ አልዳነም፤ ይድናል ብላም አታስብም።

በሳምንት ሁለት ቀን ቢጫ ሻሿን አስራ እስከ ሰፈሩ አናት ትወጣለች። ጋሽ ኤርካሎ ደወሉን ሲሰሙ በሩን ከፍተው ይጠብቋታል።

"ትርፌ፣ ዛሬስ ሞቻለሁ?"

"ዛሬ አይደለም ጋሼ።"

"እንግዲያው ግቢ፣ ቦዬ አለ።"

አንድ ቀን ጥቁሩን ሻሽ አስራ ወደዚህ በር እንደምትመጣ ታውቃለች፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ምን ይደረጋል። ባለፈው ሳምንት ቢጫ ሻሿን እንዳሰረች ሳይክሉን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ገባች። ያን ቀን ዳገቱን የወጣችው ማርሹን ሁለት ላይ አድርጋ ነበር፤ ለማንም አልተናገረችም።